የቆርኪዎቹ እስር ቤት

አገሩን የቆረቆርኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ሁሉም ረስቶታልና። ናዝሬት ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት የቀበሌ ግቢ፣ ቧንቧው አጠገብ ካለው ጭቃ ላይ ከጨረቃ የወረዱ ሰዎችን አሰፈርኩ። ሰዎቹ ከየቡና ቤቱ ደጃፍ የለቀምናቸው ቆርኪዎች ነበሩ። የቢራው ወንድ፣ የለስላሳው ሴት። መንገድ አወጣሁላቸው፤ የወንጂን የመሰለ ስኳር ፋብሪካ ሠራሁላቸው፤ የጨረቃ ሰው ፀሐይ አይችልም ብዬ በጉሎ ቅጠል ጥላ አበጀሁላቸው። የግቢው ልጆች እኔን ሳያስፈቅዱ አንዲት ቆርኪ አያንቀሳቅሱም ነበር።

ከዚያ የደራዋ ልጅ መጣች። አባቷ አስተማሪ ነበሩ። ከደራ አምጥተው ናዝሬት ሲያስሯቸው፣ እናቷ ስንቅ ለማቀበል እንዲመቻቸው ልጃቸውን ይዘው እኛ ግቢ የኋላው ክፍል ገቡ። ልጅቷ እኩያዬ ነበረች። አገሬን ዞር ዞር ብላ አየችና፣

"እስር ቤት የላችሁም እንዴ?" አለች።

የለንም አልኳት።

"እስር ቤት የሌለው ምን አገር አለ?" ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች።

የሳርዲን ቆርቆሮ ደፍታ በጭቃ መረገችው። በሩን በጣም ዝቅ አደረገችው፤ ለምን ስላት "ጎንበስ ብለው እንዲገቡ ነው" አለች። ዙሪያውን የግራር እሾህ አጠረች፤ ባዶ የክር በከራ ላይ ዘበኛ አቆመች። ቀጥሎ ሥርዓቱን አወጣች። ጠዋት ጠዋት ቤተሰብ ተሰልፎ ይመጣል። ስንቅ ያመጣ ሰው መርዝ አለመኖሩ እንዲታወቅ ዘበኛው ፊት ከምግቡ ይቀምሳል። ምግቡ ይገባል፣ ቆይቶ ሳህኑ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ ስኳር ፋብሪካዬ ሠራተኛ አጣ። ሁሉም ልጅ ወይ ዘበኛ፣ ወይ እስረኛ፣ ወይ ስንቅ አቀባይ ሆነ። እኔንም ሰልፍ ላይ አቆመችኝ፤ ያውም በገዛ አገሬ።

ቅናት አንገበገበኝ። አንድ ቀን "እነዚህ እኮ የጨረቃ ሰዎች ናቸው፤ ቢፈልጉ በርረው ያመልጣሉ" አልኩ፣ እስር ቤቷን ላፈርስባት።

"የኔ እስረኞች አይበሩም" አለች ቀና ሳትል። "ስንቃቸውን ይጠብቃሉ።"

ልጆቹም ልክ ናት ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እነሱንም ጠላኋቸው።

ከእስር ቤቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን ሳህኑ ነበር። እናቷ ስንቅ አቀብለው ሲመለሱ ጨዋታውን ጥላ ትሮጥና ሰማያዊውን ባለክዳን ሳህን ትከፍታለች። አባቷ ከሚበሉት ላይ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ያስቀሩላት ነበር። የቀዘቀዘች፣ ጫፏ የደረቀ ጉርሻ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ ታኝካታለች፤ ለማንም አታቃምስም። የእኔ አባት በየቀኑ ከእኛ ጋር ገበታ ይቀርባል፤ ጋዜጣውን እያየ ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይወጣል። አንድ ቀን አጉርሶኝ አያውቅም። አባቴ በታሰረ ብዬ ተመኘሁ። የት ቢታሰር እንደሚሻልም አስብ ነበር፤ ቅርብ ከሆነ ሳህኑ ቶሎ ይመለሳል።

አንዳንድ ቀን ልጅቷም አብራቸው ትሄድ ነበር፤ አንድ ጠዋት ግን ትኩሳት ያዛት። እናቷ ብቻቸውን ሊሄዱ ሲነሱ "እትዬ፣ ሳህኑን እኔ ልያዝልዎት?" አልኩ። ደግነት አልነበረም። እውነተኛውን እስር ቤት አይቼ የእሷን የሚያስንቅ ልሠራ ብዬ ነው። በጋሪ ሄድን። በሩ እውነትም ዝቅ ያለ ነበር፤ ልክ በመሆኗ ተናደድኩ። ተራችን ሲደርስ ዘበኛው "ቅመሺ" አለኝ። ከሽሮ ፍትፍቱ ቆንጥሬ ስቀምስ ኩራት ተሰማኝ። ሳህኑ በጨርቅ ተቋጥሮ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ዘበኛ ይዞት ወጣ። ጨርቁ እንደተቋጠረ ነው።

"እናት፣ ይዘሽው ተመለሺ። ከእንግዲህ ስንቅ እንዳታመጪ" አለ።

ከኋላችን የነበረች ሴት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። እንዲያ ሆኖ የሚመለስ ሳህን ሰውየው ተገድሏል ማለት እንደሆነ አዋቂ ሁሉ ያውቅ ነበር። እዚያ ማልቀስም አይቻልም። እኔ የማውቀው የቆርኪዎቹን ሥርዓት ነበር፤ በዚያ ሥርዓት ደግሞ ሞልቶ የሚመለስ ሳህን የለም። ጋሪው ላይ "ምነው እትዬ?" ብላቸው "ምንም፣ የኔ ልጅ" አሉኝ።

ልጅቷ ጋቢ ተከናንባ ደጃፍ ላይ ትጠብቅ ነበር። ሳህኑን ከእጄ ነጥቃ ቋጠሮውን ፈታች፣ ከፈተችው። ሙሉ ነው። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷ በራ።

"አባዬ ሁሉንም ለእኔ ተወልኝ" አለች። "መታመሜን ሰምቶ ነው።"

እንደዚያን ቀን ቀንቼ አላውቅም። እኔ አንዲት ጉርሻ አጥቼ፣ እሷ ሙሉ ሳህን። እናቷ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል። ልጅቷ ጠቅልላ ጎረሰች፣ ደግማ ጎረሰች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔም ጠቀለለችልኝ።

"እንቺ፣ ብዙ ነው።"

አፌን ከፈትኩ። በር ላይ የቀመስኩት ያው ሽሮ ነበር። ግን የአባት ጉርሻ ለካ እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ፣ ሌላ እንድትጠቀልልልኝ ጠየቅኋት።