ሁለት ጊዜ የተረዳ ሞት

አባቴ ቁማርተኛ ነበር። ዘመዶቼ "ነጋዴ ነበር" እያሉ ሲያሳምሩት ኖረዋል፤ እኔ ግን ደክሞኛል። ደባርቅ ውስጥ ካርታ ለጨዋታ ያህል የሚይዝ ሰው ብዙ ነበር። አባቴ ግን የሚያበላንም የሚያለብሰንም በካርታ ነው። በደርግ ጊዜ ወደ ሽሬ የሚሄዱ የጭነት መኪኖች ሊማሊሞን ብቻቸውን እንዲወርዱ አይፈቀድላቸውም ነበርና፣ ሹፌሮቹ አጃቢ ወታደር እስኪመጣላቸው ከተማው ውስጥ ይከርማሉ። ሥራ የፈታ፣ ኪሱ የሞላ ሹፌር ምን ያደርጋል? አንዱ ጠጅ ቤት ጓሮ ገብቶ ኮንከር ይጫወታል። አባቴም እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

አባቴ አይጠጣም፣ አይጮህም፣ አይቸኩልም፤ ስለዚህ ያሸንፍ ነበር። ጣጣው የሚመጣው ካሸነፈ በኋላ ነው። ባንክ ቢያስገባው "ከየት አመጣኸው?" የሚል አይጠፋም። ቁማር በቀበሌው ዘንድ ወንጀል ነው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ብር ይዞ መገኘትም ከወንጀል ብዙ አይሻልም። ስለዚህ ብሩ ከእኛው ጋር ይኖር ነበር። ጓዳ ውስጥ የቆመ ትልቅ የጭቃ ጎታ ነበረን፤ ከገብሱ በታች፣ ስልቻ ውስጥ ነው የሚተኛው።

ቤቱ ለብሩ ተሠርቶ እኛ በደባልነት የገባን ይመስል ነበር። ቤት ባዶ አይቀርም፤ ይህ የመጀመሪያው ሕግ ነው። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትስም እኔ እቀራለሁ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እሷ ትቀራለች። አብረን የትም ሄደን አናውቅም። አዲስ ቀሚስ ቢገዛልን ሰው እንዳያይብን ሳጥን ውስጥ ያረጃል። ጎረቤት ጓዳችን አይዘልቅም። በእኛ ሰፈር ጎረቤት ሳያንኳኳ ገብቶ ሌማት ከፍቶ የሚበላ ነውና፣ እናቴን "ኩሩ" ይሏት ነበር። ኩራት የሚባል ነገር አልነበራትም። ምን ትበላቸው? ጓዳዬ ብር አለ ትበል?

ከውጭ ሰው ጓዳችን የሚገባው አንድ ብቻ ነበር፤ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ሞተውባቸው እሱ ነው አዝሎ ያሳደጋት፣ ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲህ። በቅሎ ረግጦት አንድ እግሩን ያነክሳል። በግ ነድቶ ደባርቅ ገበያ ሲመጣ እኛ ቤት ያርፋል። እናቴ እግሩን ራሷ ታጥበዋለች፤ ለእኔ እንኳን አትተወውም ነበር። እኔን የምታክል ልጅ ወልዳም እሱ "አንቺ ልጅ" እያለ ነው የሚጠራት። እሱ ሲመጣ ያ የታፈነ ቤት ይተነፍሳል። እናቴ በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምትለው ነገር ቢኖር እሱ ነበር፤ አባቴም ይህን ያውቃል።

በእኛ አገር የሩቅ ሰው ሲሞት ወሬው በቀጥታ ለባለቤቱ አይነገርም። መልእክተኛው መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ቤት ይገባል፤ ሽማግሌው ጎረቤቱን በድብቅ ያሳውቃል፤ ጎህ ሲቀድ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣና መርዶውን ያረዳል። መልእክተኛውን "አንተ ማነህ? በምን አወቅህ?" ብሎ የሚመረምር የለም። ውሃ ያጠጡታል፣ ያበሉታል፣ ይሸኙታል። በሞት የሚዋሽ ሰው ይኖራል ብሎ የሚያስብ አእምሮ በሰፈራችን አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ነው አንድ ጠዋት በራችን ሲንኳኳ ሰፈሩ ሁሉ ደጃችን ቆሞ ያገኘነው። ከፊት የቆሙት ጎረቤታችን መሪጌታ ነበሩ። ጥምጥማቸው እጃቸው ላይ ነበር።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ያ ደግ ወንድምሽ ዐርፏል፤ ትናንት ማታ ሰው መጣ" አሏት።

እናቴ ያወጣችውን ድምፅ አልጽፈውም። ፊቷን ነጨች፣ መሬት ላይ ወደቀች፣ ስትነሣ "አፈሩን ሳላይ አልውልም" አለች። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ አይወጣም፤ ቀበሌው ግን ለመርዶ ነው ሲባል ሳያንገራግር ሰጠ። አባቴም አልቅሷል፤ አጎቴን ይወደው ነበር። ግን ዓይኑ ወደ ጓዳው ይመላለስ ነበር። የሚስቱ ወንድም ሞቶ እሱ ቤት ጠባቂ ሆኖ ቢቀር ሰው ምን ይለዋል? በሩን ቆለፈ፣ ውሻውን ፈታ፣ ከእኛ ጋር ወጣ። ሰፈሩ በሙሉ እስከ ከተማው ዳር ሸኘን፤ ከፊሉም አብሮን ቀጠለ።

ሳንቃበር አድረን በማግሥቱ ጉም ውስጥ ስንሄድ፣ ከፊታችን በግ የሚነዳ ሰው ብቅ አለ። ያነክሳል። እናቴ ሙሾዋን መሀል ላይ አቆመች። ሰውየውም ነጠላችንን አይቶ ዱላውን ወረወረና እየጮኸ ወደ እኛ ሮጠ።

"ማን ሞተብኝ? አንቺ ልጅ፣ ንገሪኝ፣ ማን ነው የሞተው?"

እናቴ ፊቱን ዳሰሰችው፣ ትከሻውን ዳሰሰችው፣ ጎንበስ ብላ ያን የሚያነክሰውን ጉልበቱን ጨበጠችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሰዉም ገባውና ሳቁና ለቅሶው ተደባለቀ። አጎቴ የሞተው እሱ መሆኑን ሲሰማ "እኔ? እኔማ ይኸው ለገበያ በግ እየነዳሁ!" አለ፤ በጎቹም በየገደሉ ተበተኑ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ደስታ አላየሁም፤ ካሁን በኋላም አላይም።

አባቴ ብቻ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። "ቤቱ" አለ። ተነሥቶ ወደ መጣንበት ቁልቁል ሮጠ።

እናቴ ከኋላው ጮኸች፤ "ተዋቸው ይውሰዱት! ወንድሜን ሰጥተውኛል፣ ይውሰዱት!"

ዞሮም አላያት።

እኛ ስንደርስ ቁልፉ እንደተቆለፈ ነበር፤ የተቆፈረው የጓሮው ግድግዳ ነው። ውሻው ጓሮ ተዘርሯል። ጎታው ተሰብሮ ገብሱ ወለሉን ሞልቶታል፤ አባቴ ገብሱ መሀል ተቀምጧል። ለቀበሌው ምን ተሰረቀብኝ ይበል? የተሰረቀው አንድ ብርድ ልብስና አንድ ሬዲዮ ነው ብሎ አመለከተ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ያችን ብርድ ልብስ ከሌባው ጉሮሮ አወጣታለሁ ብሎ በቁጣ ሲዝት እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ጓዳ ገባች። ዶሮ አርዳ ለወንድሟ ሠራችለት፤ እሱም "ተዝካሬን በቁሜ በላሁ" እያለ አሳቀን።

ሌባው አልተገኘም። እንዴት እንዳወቀ ግን አባቴ ገብቶታል። ካርታ ሲበወዝ ሰው ወሬ ያወራል፤ እሱም ስለ ሚስቱ ወንድም፣ ስለ እግሩ፣ ስለ በጎቹ አውርቷል። ቤቱን የሚያስለቅቀን አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ አብረውት ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች አጥንተውታል። መሪጌታ ለብዙ ጊዜ ቀና ብለው አላዩንም። "የሰረቃችሁ የኔ አፍ ነው" ብለው ለእናቴ አልቅሰዋል።

አባቴ ካርታውን አልተወም። የጠፋውን መልሶ እስኪያገኝ ብሎ ጀመረ፣ ካገኘም በኋላ ቀጠለ። በሩን በላሜራ አስለበሰ፣ ብሩን አልጋው ሥር ቀብሮ በሲሚንቶ ደፈነው። አንድ አዲስ ሕግም ጨመረ፤ ከውጭ የመጣ ወሬ ሳይጣራ ከዚህ ቤት ማንም ንቅንቅ አይልም። "መርዶም ቢሆን" አለ።

ዓመታት አለፉ፣ እኔም አደግሁ። አንድ ክረምት ሊወጣ ሲል ዝናብ ያበሰበሰው ሰው መሪጌታ ቤት ገባ። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። መሪጌታ እንደ ድሮው ጎረቤት አልጠሩም፤ ፈርተው አባቴን ብቻ አስጠሩ። አባቴ ሰውየውን እንደ ፖሊስ አፋጠጠው። በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ? ፍትሐቱን ማን አደረሰ? እግሩን የረገጠው በቅሎ መልኩ ምን ዓይነት ነው? ሰውየው ጥቂት መለሰና ከፋው።

"እኔ እንጀራ ፍለጋ አልመጣሁም። ወንድሟ በአጭር ሕመም ሞቷል፣ ለእህቱ ንገር ተብዬ ነው። ካላመናችሁ ተዉት" ብሎ በዝናቡ ወጣ።

አባቴ እስኪጣራ ድረስ አይነገራት አለ። ያን ጊዜ በጃናሞራ በኩል ውጊያ ነበር፤ ወደዚያ ይለፍ የለም፣ ወጪ ወራጅ የለም። ወሬውም እንደተለመደው ሳይነገር ሰፈሩን አዳረሰው። ከእናቴና ከእኔ በቀር ሁሉም አወቀ።

በዚያው ሰሞን ዳባት ውስጥ የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ነበር። አባቴ "እኔ ቤት እጠብቃለሁ፣ ሂጂ" አላት። እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ ያዘነላት ይመስለኛል። ሳጥን ውስጥ የሚያረጀውን ባለ ጥልፍ ቀሚስ አወጣች። ዳስ ውስጥ ዘፈኑን እሷ ተቀበለችው፤ ድምፅ ነበራት። እንደ ልማዷም የወንድሟን ስም እየጠራች፣ እያሞገሰች ዘፈነችለት። የሰፈራችን ሴቶች አንድ በአንድ ማጨብጨብ ተዉ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከዳሱ ወጡ። እኔ የቀኑባት መስሎኝ በሆዴ ስሰድባቸው ነበር።

"ምን ሆናችኋል? እጃችሁ ተቆረጠ እንዴ?" አለች እናቴ እየሳቀች። ዘፈኗንም ቀጠለች።

መንገዱ ሲከፈት ከጃናሞራ፣ ከደረስጌ አንድ ቄስ መጡ። አባቴ ያውቃቸዋል፤ ሊጠራጠራቸው አልቻለም። ፍትሐቱን ያደረሱት ራሳቸው ነበሩ። አርባውም አልፏል፣ ተዝካሩም ወጥቷል፤ እህቱ ለምን ቀረች ተብሎም ብዙ ተወርቷል አሉ።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ያው መሪጌታ፣ ያው ሰፈር፣ ያው የተዘቀዘቀ ነጠላ። "ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሏት።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አየቻቸው። ከዚያ ሳቀች።

"መሪጌታ፣ ደግሞ አታለሉዎት? ዛሬስ ከቤቴ አልወጣም። ለላካችሁ ሌባ እንዲህ ብላችሁ ንገሩልኝ።"

አባቴ "እውነት ነው" አላት። "በዚህስ አልዋሽሽም፤ እውነት ነው።"

"አንተንም አሞኙህ?" አለችውና ገብታ አልጋው ላይ፣ ብሩ ከተቀበረበት በላይ ተቀመጠች። ሰዉ ሲያለቅስ እሷ ታጽናናው ጀመር። "አይዟችሁ፣ ኋላ እንስቅበታለን" ትላለች። እኔ የአባቴን ፊት አይቼ ተረዳሁ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ለብዙ ዓመት ጠላሁት፤ ይህን እስኪሞት አልነገርኩትም፣ እሱም ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም።

ኋላ አባቴ "ተነሺ እንሂድ፣ መቃብሩን አሳይሻለሁ" ብሎ ለመናት።

"ቤቱን ማን ይጠብቃል?" አለችው። በክፋት አልነበረም። እሱ ያስተማራት ይህንኑ ነው።

ጥቁር አልለበሰችም፣ አላለቀሰችም፣ ስሙን ጠርታም "ነበር" ብላ አታውቅም። አንዴ ሞተ የተባለውን ሰው በዚያ መንገድ ላይ በግ እየነዳ አግኝታዋለች፤ ታዲያ አሁን ለምን ትመን? በገበያ ቀን ወደ ከተማው ዳር፣ የሳንቃበር መንገድ የሚገባበት ጋ ትሄዳለች። ቆማ በግ ነጂዎቹን በአረማመዳቸው ታያለች። የሚያነክስ ካለ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ትሄድና ትመለሳለች።

አባቴ ካርታውን መቼ እንደተወው አላስታውስም። የማስታውሰው በገበያ ቀን በሩን ክፍት ጥሎ ሲከተላት ነው። አጠገቧ ሲደርስ ታየውና ትቆጣዋለች፤ "ቤቱን ለማን ትተህ መጣህ?" የመጨረሻው በግ ነጂ አልፎ እስኪሄድ ድረስ ሁለቱም እዚያ ይቆማሉ።