ናሱ የበላው ቱቦ

ጁሀራ የቧንቧ መፍቻዋን፣ ጂራቱቦውን፣ አንዴ ጫን ስታደርገው ቱቦው እጇ ላይ እንክት አለ። የተሰበረውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ስትጫነው ዝገቱ እንደ በሶ ተፈረፈረ።

«አየሽ» አሉ ኦቦ ቶላ፣ የሆራው ኮሚቴ ሰብሳቢ። «የበሰበሰ ቱቦ ነው ያመጣሽልን።»

ሆራው ከዲንሾ አለፍ ብሎ የሚገኝ ጨዋማ ምንጭ ነው፤ የአካባቢው ከብት በየወሩ እየተነዳ ይጠጣበታል። ከምንጩ እስከ ገንዳው ዚንክ የተቀባ የብረት ቱቦ የዘረጋችው ጁሀራ ናት፣ ከስምንት ወር በፊት። ሮቤ መናኸሪያው ጀርባ ሱቅ ይዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቧንቧ ስትገጥም ሥራዋን በሰበሰ ብሎ ያማት ሰው የለም። ዛሬ ደግሞ ኮሚቴው የቀሩትን ሁለት ምንጮች የቱቦ ሥራ ለእሷ ወይም ለአንድ የጎባ ባለሙያ ሊሰጥ ተሰብስቧል።

ጎንበስ ብላ መጋጠሚያውን አየችው። ቱቦውና የናስ ሩቢኔቱ እንዳይነካኩ በመሃል ያስገባችው ፕላስቲክ የለም። በቦታው የሚያብለጨልጭ ናስ ገብቷል።

«ፕላስቲኬን ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ለምርቃቱ ቀን ስንት አባወራ ከስንት ቦታ መጥቶ በፕላስቲክ እንቀበለው? ፕላስቲክ ለጄሪካን ነው።»

«አይነካ ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌበት ነበር እኮ።»

«እሱንም አስፋቅነው። ዓይን ይወጋ ነበር።»

ጁሀራ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «ኦቦ ቶላ፣ ናስና ዚንክ የተቀባ ብረት ጨው ያለው ውሃ ውስጥ ከተነካኩ ናሱ ይተርፋል፣ ብረቱ ይበላል። ይህን ሦስቴ ነግሬዎታለሁ። አንዴ በአማርኛ፣ ሁለቴ በኦሮምኛ።»

«ሁለቱም ብረት አይደሉ?»

«በሬና አህያም ሁለቱም ባለ አራት እግር ናቸው። በአንድ ቀንበር ይጠምዷቸዋል?»

ከኋላ የቆሙት ሽማግሌዎች ሳቁ። ቶላ አልሳቁም።

«አባቶቻችን ከግንድ በተፈለፈለ ገንዳ ነበር የሚያጠጡት። እሱ መቼ ዛገ?»

«መጀመሪያስ ያልኩት ይህንኑ አልነበር? ገንዳው እንጨት፣ ቱቦው ፕላስቲክ ይሁን ብዬ። ብረት ካልሆነ ክብር የለውም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ገንዳው ላይ ሁለት ሩቢኔት አለ። ኮሚቴው ያገኘው የናስ መጋጠሚያ አንድ ብቻ ስለነበር በሁለተኛው ላይ የጁሀራ ፕላስቲክ እንዳለ ነው። ፈታችውና የቱቦውን ጫፍ ወደ ሽማግሌዎቹ አዞረችው። ጥርሱ እንደተገጠመበት ቀን ንጹሕ ነው።

«ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን የተገዛ ቱቦ ነው» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ በጣታቸው ዳሰሱት። ቶላ የመጨረሻው ሆኑ።

«እሺ፣ ሥራው ያንቺ ነው። ግን ናስ ይታይ።»

«ኦቦ ቶላ፣ አሁን የነገርኩዎትን...»

«ይታይ አልኩ።»

ሁለቱን ምንጮች ጁሀራ ሠራች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በፕላስቲክ። በየገንዳው ፊት ባለው የእንጨት ምሰሶ ላይ አንድ አንድ የናስ ሩቢኔት በምስማር ተመትቷል። ከየትኛውም ቱቦ ጋር አይገናኝም። ቶላ በየወሩ ያስወለውሉታል።