በስሜ የተከፈተው ሒሳብ

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ፣ ሸማ ተራ ውስጥ፣ ነጠላና ጋቢ የምትሸጥ አንዲት ሴት የሸሚዜን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ «ሌባ!» ብላ ጮኸች። ከእሷ የገዛሁት ጋቢ ክንዴ ላይ ነበር። ዋጋውን በስልኬ ከከፈልኩ ገና አንድ ደቂቃ አልሆነም።

ያስያዘኝም ያው ክፍያ ነው። ገንዘቡ ሲገባላት ስልኳ ላይ መልእክት ደረሳት፤ መልእክቱ የላኪውን ስም እስከ አያት ድረስ ያሳያል። እዚያ ተራ ያንን ስም ጮክ ብሎ ማንበብ ልማድ ሆኗል። ሻጭ ያነባል፣ ገዢ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይላል፣ ጎረቤት ይሰማል፤ ደረሰኝ ማለት ያ ነው። ሴትየዋ ስሜን አነበበች፤ እኔም «አዎ» አልኩ። ከዚያ ዞር ብላ ከመደርደሪያው ሥር ያለውን የክር ካርቶን አየች። ስልኳን አየች። እንደገና ካርቶኑን አየች። ካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክርቢቶ የእኔ ስም ከነአባቴ ከነአያቴ ተጽፏል።

ስሜን እዚህ አልጽፈውም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከበቂ በላይ ቦታ ተጽፏል።

«አንተ!» አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «ጋሼ ይህን ይዩት፣ ጋሼ ይሄ ለብርድ ነው» ስትለኝ ቆይታለች። «አርባ ሺህ ብሬን በልተህ ስታበቃ ጋቢ ልትገዛ መጣህ? ያውም እኔው ጋ?»

«እትዬ፣ ነገሩን ያስረዱኝ።»

«እትዬ አትበለኝ! እህትህ አይደለሁም!»

ከጎኗ በስፌት መኪና የነጠላ ጠርዝ የሚሰፋ ሰው እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። «መርካቶ የማይሸጥ ነገር የለም ሲሉ እሰማለሁ» አለ ለተሰበሰበው ሰው። «ስሙን የሸጠ ሰው ሳይ ግን ዛሬ ገና ነው።» ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከሃያ ዓመት በላይ ዘጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። መርካቶ ውስጥ ሌባ የተባለ ሰው ከሁለት አንዱን ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ወይ ይሮጣል፣ ወይ ይጮሃል። ሁለቱም ይደበደባሉ። ጋቢውን ጠረጴዛዋ ላይ መለስኩና ቆምኩ። ከዚያ በሥራዬ እንደማደርገው ጠየቅኩ፦ መቼ? ለማን? በየት በኩል?

እየተሳደበች መለሰችልኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሰው የጥለት ክር ከገበያው ዋጋ ቀንሶ እንደሚሸጥ በስልክ አስተዋውቋል። ደወለችለት፤ የሒሳብ ቁጥር ላከላት። ቁጥሩን ስታስገባ ስሜ ወጣ። እንደ ተራው ልማድ ጮክ ብላ አነበበች፣ ልብስ ሰፊው ሰማ፣ ሰውየው በስልክ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አላት። ስሙን ካርቶኑ ላይ ጽፋ ብሩን ላከች። ክሩ አልመጣም። ስልኩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አይሠራም። ለበዓል ለሸማኔዎቿ ልታከፋፍለው ያሰበችው ክር ነበር።

ስም ወጣ ማለት ሰው ተገኘ ማለት አይደለም፤ ይህን ልነግራት ጀመርኩና ተውኩት። ከእኔ አፍ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

«የሒሳብ ቁጥሩን ያሳዩኝ» አልኩ።

«ስልኬን ደግሞ ልትወስድ?»

ልብስ ሰፊው ቁጥሩንና የባንኩን ስም ከእሷ ስልክ አነበበልኝ። «እዚያ ባንክ ሒሳብ ኖሮኝ አያውቅም» አልኩ።

«አንተ የለህም፤ ስምህ ግን አለው» አለ።

ባንኩ ቅርብ ነበር። አሁኑኑ ሦስታችንም እንሂድ አልኩ። ጋቢውን ትቼ ወጣሁ። እሷ እጅጌዬን አለቀቀችም፤ ልብስ ሰፊው ከኋላ ተከተለ። ጆንያ የተሸከመ አንድ ወዛደር አጠገባችን ሲያልፍ ሸክሙን ሳያወርድ «ምን አደረገ?» አለ። «ክር በላ» አለው ልብስ ሰፊው። «ይቋጠርበት» አለና ሄደ።

መስኮቱ ላይ ያለችው የባንክ ሠራተኛ ቁጥሩንና የእኔን መታወቂያ ተቀብላ ኮምፒውተሯን ነካካች። «ሒሳቡ የእርስዎ ነው።»

«እኔ አልከፈትኩም።»

«ሲስተሙ ከፍተዋል ይላል።»

«እንግዲያው የከፈትኩበትን ፎርም አሳዪኝ።»

«እሱን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው።»

«ባለቤቱ ማነው?»

ስክሪኑን አየች። «እርስዎ» አለችና ሳትወድ ወደ እኔ አዞረችው።

ስሜ፣ የትውልድ ቀኔ፣ የመታወቂያ ቁጥሬ ትክክል ናቸው። ፎቶው የእኔው ዲጂታል መታወቂያ ላይ ያለው ነው። ስልክ ቁጥሩን ግን አላውቀውም። ሒሳቡ የተከፈተው ከሁለት ወር በፊት፣ በወኪል በኩል፣ በመታወቂያ ኮፒ ነው። ማስታወሻዬን አውጥቼ ስጽፍ ሴትየዋ ከትከሻዬ በላይ አንገቷን አስግጋ «ፊቱ እኮ ነው! ፊቱ!» ትላለች።

ያኔ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀሪ ሒሳብ ተለወጠ። ሃያ ሁለት ሺህ ብር ገባ። የክፍያው ምክንያት «የጤፍ ቀብድ» ይላል። ላኪው እህል በረንዳ ይሁን ሌላ ቦታ አላውቅም፤ የማውቀው አንድ ሌላ ሰው በዚያች ደቂቃ ስሜን ስልኩ ላይ አይቶ አምኖ መላኩን ነው።

«ሒሳቡን አግዱት» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። ክራቫቱን እያስተካከለ መጥቶ ቆሞ ሰማን። ሒሳብ የሚታገደው በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ደብዳቤ ነው፤ ያ ቢፈጥን ለነገ ይደርሳል። አለዚያ ባለቤቱ ራሱ ሲጠይቅ ነው። ፎርሙን አቀረበልኝ። የመጀመሪያው መስመር «እኔ የዚህ ሒሳብ ባለቤት» ይላል።

«ባለቤት» የሚለውን ሰርዤ «በስሜ ያለ እኔ ፈቃድ የተከፈተ» ብዬ ልጽፍ እስክርቢቶውን አስጠጋሁ።

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ፎርም አንቀበልም» አለ።

«ውሸት ነው ያለበት። ውሸት ላይ እንዴት ልፈርም?»

«አይገደዱም፤ ይተዉት።»

«ይፈርም እንጂ!» አለች ሴትየዋ። «ምን ያስፈራዋል? ይፈርም!»

ልብስ ሰፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ከፈረምክ አለቀልህ» አለኝ። ምክር ይሁን ፌዝ መለየት አልቻልኩም።

የገዛ ፊርማቸው ያስፈረደባቸውን ሰዎች ፍርድ ቤት ተቀምጬ ዘግቤያለሁ፤ የምሰጠው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሒሳቡ የእኔ አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላ ወረቀት በእጄ የለም፤ ያለኝ አልፈረምኩም የሚለው ቃሌ ብቻ ነው። ግን ብሩ እዚያ ሒሳብ ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። ስርዝ ድልዝ በሌለው ፎርም ላይ ፈረምኩ። ሒሳቡ ታገደ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ይላል ማስታወሻዬ።

ሴትየዋ በመስታወቱ ላይ ጎንበስ ብላ ፎርሙን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። «ይኸው! ባለቤቱ እኔ ነኝ ብሎ በገዛ እጁ!» ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ ውስጥ ካለው ብር የእሷ እንዲሰጣት ጠየቀች። ብሩ የሌላ ሰው መሆኑን ሲነግራት እኔንም እሱንም አንድ ላይ ረገመችን።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው ሥራዬን ሲጠይቀኝ ነገርኩት። እስክርቢቶውን አስቀመጠ። «ሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ እያልክ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«ጽፌያለሁ።»

«የምትጽፈውን አታነብም ማለት ነው።»

ከዚያ መታወቂያዬን ላለፉት ስድስት ወራት ለማን ለማን እንደሰጠሁ አስቆጠረኝ። የሕንጻ በር ላይ ያሉ ጥበቃዎች፣ ሁለት ሆቴሎች፣ ሲም ካርድ የሸጠልኝ ሰው። ወደ ተክለ ሃይማኖት የሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ላይ ስደርስ መቁጠሬን ተውኩ። ከሦስት ወር በፊት ነው። ዲጂታል መታወቂያዬን በፕላስቲክ ካርድ ላይ ለማተም ምስሉን ከስልኬ ወደ ባለቤቱ ስልክ ልኬ፣ ሻይ ጠጥቼ ተመልሼ፣ ካርዱን ይዤ ሄድኩ። የላክሁት ምስል የት እንደሚቀር አልጠየቅኩም። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል፤ እኔም አደረግሁ። ሚስጥር ቁጥሬን ግን ለሚስቴም ነግሬ አላውቅም።

መርማሪው ሴትየዋን አስጠራና እኔን «አዎ፣ እኔ ነኝ» በል አለኝ። አልኩ። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

«ድምፁ ይሄ አይደለም» አለች በመጨረሻ። ቀጥላም «ድምፅ ግን ይቀየራል፤ ጉንፋንም ይቀይረዋል። ስም አይቀየርም» አለች።

መርማሪው ሁለቱንም ጻፈ።

ዓርብ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ካርድ እየቆረጠ ነበር። የእኔን ፈልግልኝ አልኩት። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ከፈተና ወደ ታች መጎተት ጀመረ። መታወቂያ፣ መታወቂያ፣ መታወቂያ። ሽማግሌ፣ ሙሽራ፣ የጋራዥ ቱታ የለበሰ ሰው። ጎትቶ ጎትቶ እኔ ላይ ቆመ።

«ይሄ ለምን እዚህ ይቀመጣል?»

«ደንበኛ ካርዱ ይጠፋበታል፣ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ከየት አምጥቼ ላትምለት?»

«ኮምፒውተሩን ማን ማን ይነካዋል?»

«ሠራተኛ ይገባል ይወጣል። ጋሼ፣ እኔ ላኩልኝ ብዬ ለመንኩዎት? የላኩት እርስዎ ነዎት። እኔ ካርድ ነው የምሸጠው፤ ዘበኛ አይደለሁም።»

ወረፋ ላይ ያለች ወጣት ስልኳን አውጥታ መታወቂያዋን ልትልክለት ስትል አየኋት። «አትላኪለት፤ እዚያው ይቀራል» አልኳት።

«ምን አገባህ? ወረፋ ልትቀድም ነው?» አለችኝና ላከች።

ያኔ ተቆጣሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ይህን ሁሉ ሰው አጋልጦ ማስቀመጥ ወንጀል መሆኑን፣ ማጥፋት እንዳለበት ነገርኩት። የሥራ ዘመኔን ሁሉ ማስረጃ ሲጠፋ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያልኩት ምን እንደነበረ የገባኝ ሰኞ ዕለት፣ ከመርማሪው ጋር ተመልሼ ስመጣ ነው። ኮምፒውተሩ ባዶ ነበር።

«ፎርማት አስደረግሁት» አለ ባለቤቱ። «አጥፋ ያሉኝ እሳቸው አይደሉ? ሰው ሰምቷል።» ሁለት ደንበኞች መስማታቸውን መሰከሩ። መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ አየኝና የሁለቱንም ቃል ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ የመታወቂያ ኮፒ ስሰጥ ኮፒው ላይ በእስክርቢቶ ለማን፣ ለምን ጉዳይ፣ በየትኛው ቀን እንደሰጠሁ እጽፋለሁ። ማተሚያ ቤት ምስል በስልክ አልልክም፤ በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሲታተም ቆሜ አያለሁ፣ ፍላሹን ይዤ እወጣለሁ። ሰዎች ይስቁብኛል። አንድ የሕንጻ ጥበቃ «የእርስዎን መታወቂያ ማን ይፈልገዋል?» ብሎኛል።

ኮምፒውተሩ ባዶ በተገኘ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የስልክ ድርጅቱ ቢሮ ሄጄ በስሜ ስንት ሲም ካርድ እንደወጣ ጠየቅኩ። ሦስት ነው አሉኝ። እኔ ያለኝ አንድ ነው። ሒሳቡ ላይ ያየሁት ቁጥር ከሦስቱ አንዱ ነበር። ሁለቱን አዘግቼ የተዘጉበትን ወረቀት ለመርማሪው ወሰድኩ። ወረቀቱን ተቀብሎ «ይሄም ቢሆን በስምህ ነው የወጣው» አለኝና ፋይሉ ውስጥ ከተተው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መዝገቡን አሳየኝ። ተበዳይ በሚለው ቦታ ሁለት ስሞች ሰፍረዋል፤ የሴትየዋና የጤፍ ቀብድ የላከው ሰው። ተጠርጣሪ በሚለው ቦታ ያለው ስም አንድ ነው፤ የእኔ።