በሦስት ቀን ውስጥ

ከንቲባችን ሰኞ ጠዋት ሞቱ፤ ቀብሩ ለረቡዕ ተባለ። በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የመጻፉ ሥራ ያለ ክርክር በቁልፌ ላይ ወደቀ። ቁልፌ አሥራ ስምንት ዓመት ደብዳቤያቸውን ሁሉ የተየበችላቸው ጸሐፊ ናት። የቢሮ ምስጢር ከአፏ ስለማይወጣ ነው እንዲህ ያልናት። እኔ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግን አፌ ክዳን የለውም፤ ይኸው አወራለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት «ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላ ጠየቀችን። ባትጠይቀን ይሻላት ነበር።

«ውሃ ያስገቡልን እሳቸው ናቸው» አለ ጥበቃው። «እናቴ ጀሪካን ከጀርባዋ ያወረደችው በሳቸው ጊዜ ነው። ነፍሳቸውን ይማር!»

ሹፌሩ ሳቀ። «የአማቻቸው ፎቅስ በማን ሲሚንቶ ቆመ? በቢሮው መኪና ያመላለስኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ሁለቱም እውነት ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ሰው ሲሞት እንኳ አንዱን መርጦ አይሞትም።

ቁልፌ የመንገድ ማስፋፊያውን ፋይል አቀብለኝ አለችኝ። በዚያ መንገድ ሰበብ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አሥራ አንድ ሱቆች ፈርሰዋል። አንዱ የታላቅ እህቷ ልብስ ስፌት ቤት ነበር። ማስጠንቀቂያው «በሦስት ቀን ውስጥ ልቀቁ» ይላል። እህትየዋ ዕቃዋን የምታስጠጋበት ቤት ስታፈላልግ ቀኑ አለፈና ዶዘሩ የስፌት መኪናዋን ጨፈለቀው። ከዚያ ወዲህ መርፌ ባነሳች ቁጥር «ያንን ደብዳቤ የጻፈ እጁ ይሰበር!» ትላለች። ቁልፌም ለሰላም ስትል «አሜን» ትላለች።

ፋይሉን ስትገልጥ ከደብዳቤው ጀርባ ረቂቁ ተያይዞ አገኘችው። በከንቲባው የእጅ ጽሑፍ «በሦስት ወር ውስጥ» ይላል።

ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም ወዲያው ገባኝ። ጸሐፊ ደብዳቤ ከባዶ አይጀምርም፤ የድሮውን ከፍቶ ስምና ቀን ይለውጥበታል። እንዳስታወሰችው፣ የዚያን ቀን የከፈተችው ለአንድ ሕገ ወጥ አጥር የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበር። የአጥሩ ሦስት ቀን ሳይነካ ቀረ።

«ግን እኮ ፈርመውበታል!» አለችኝ። «ሳያነቡት ነው? ደግሞ ሕዝቡ ስብሰባ ላይ ሲጮኽባቸው ‹ያዘዝኩት እኔ ነኝ› አሉ። ለምን? ለእኔ ብለው ነው? ወይስ ሳያነቡ መፈረማቸው እንዳይታወቅባቸው?»

«ወይስ ተመችቷቸው?» አልኩ፤ የመንገዱ ኮንትራት የአማቻቸው ነበርና። ምነው አፌን በቆረጠው! ግራ ገብቷት ቁጭ አለች፤ እኔም ግራ ገብቶኝ አብሬያት ተቀመጥኩ። መልሱን የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ነገ ይቀበራሉ።

ከሥራ ስትወጣ ረቂቁንና ደብዳቤውን በቦርሳዋ ይዛ ወደ እህቷ ሄደች። ወረቀት ከመዝገብ ቤት መውጣት የለበትም፤ እኔ ግን አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

የሆነውን በማግስቱ ቀብር ላይ ነገረችኝ። እህቷ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ደጋግማ አነበበች። ቁልፌ ጩኸት ጠብቃ ነበር፤ ስድብም ቢሆን ይቀላት ነበር። እህትየዋ ግን የያዘችውን መርፌ ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ የታናሿን ቀኝ እጅ ሳብ አድርጋ፣ ጣቶቹን አገላብጣ አየቻቸው።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጁ ይሰበር ስል» አለች፣ «አንቺ እኮ አሜን ትዪ ነበር።»

እጇን ግን አልለቀቀችውም።