«ተቀብለውናል» ብዬ ያስገዛኋቸው አሥራ ሁለት ወንበሮች

ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ቦናመስ

ይህን ጉዞ ተናድጄ ጀመርኩት፣ ተናድጄ ጨረስኩት። መሀል ላይ አይስክሬም በልተናል፤ እሱንም ቢሆን በንዴት ነው የበላሁት። ጀርመን አገር ካለው ሰፈራችን ከቦናመስ እስከ ከተማው ምክር ቤት በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ እኔና እማማ ለተብርሃን ግን ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

እማማ ለተብርሃን የፎቃችን ነዋሪ ናቸው። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ ሰማንያን የተጠጉ ሴት፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ሲጠሩኝ «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ ሐያት እባላለሁ፤ የጥቅል መጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ዛሬ የጠዋት ሺሽቴን፣ ፈረቃዬን ማለቴ ነው፣ ጨርሼ፣ ልብሴን እንኳን በቅጡ ሳልቀይር ነው የወጣነው።

የሄድነው ስለ አንዲት ክፍል ነው። ቤን-ጉርዮን-ሪንግ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከፎቃችን ሥር የጋራ ክፍል አለችን። ልደትም ኢድም እዚያው ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰው ሲሞት ለቅሶ የምንቀመጠው እሷ ውስጥ ነው። ኮሮና ሲመጣ ተዘጋች። ኮሮና ሄደ፣ እሷ እንደተዘጋች ቀረች። የአየር ማስወጫ ካልተገጠመላት አትከፈትም ተባለ።

የእማማ ባለቤት አቶ ተስፋይ ሆስፒታል ገብተው ያልተመለሱት በዚያ ዘመን ነው። ለቅሷቸው አልተቀመጠም። እኛ ጎረቤቶቻቸው ምን አደረግን? ምግብ በራቸው ላይ አስቀምጠን፣ ደወል ደውለን፣ በሽታ ፈርተን ሸሸን። እማማ ያን ጊዜ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። የክፍሏን ቁልፍ የያዙት እሳቸው ናቸው፤ እስካሁን በአንገታቸው አስረውት ይዞራሉ። «አንድ ቀን ሰው ከብቦኝ ተስፋይን ላልቅሰው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» ይላሉ።

ከዚያ የፌደራሉ መንግሥት ለኮሮና ማገገሚያ ገንዘብ ሰጠ፣ ከተማው ለየሰፈሩ ያከፋፍላል፣ የፈለገ ያመልክት ተባለ። ለአየር ማስወጫው ብዬ እኔ ጻፍኩ። ዓላማ የሚለው ቦታ ላይ ስፖርት፣ ባህል፣ ንግድ የሚሉ ሳጥኖች ነበሩ፤ ለቅሶ የሚል ሳጥን የለም። ባህል ላይ ምልክት አድርጌ ላክሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። አንትራጋችሁ «አይንገጋንገን» ነው ይላል። አንትራግ ማመልከቻ መሆኑን እዚህ አገር የኖረ ሁሉ ያውቃል። አይንገጋንገንን ደግሞ በልቤ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ ተቀብለናል። ደረጃውን ሮጬ ወርጄ ላገኘሁት ሁሉ «ተቀብለውናል» አልኩ።

አማርኛችን እዚህ ላይ ጉድ ሠራኝ። ፖስታ በእጁ የያዘም «ተቀበለ» ነው፣ በሐሳቡ የተስማማም «ተቀበለ» ነው። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ከጡረታቸው አዋጥተው አሥራ ሁለት ያገለገሉ ወንበሮች ገዙ፤ ክፍሏ እስክትከፈት ብለው ምድር ቤት ባለው የእኔ ኬለር፣ በዕቃ ማስቀመጫዬ ውስጥ ደረደሯቸው። ባለፈው ሳምንት ገንዘብ ይሰጣቸው የተባሉት ዝርዝር ወጣ። እኛ የለንበትም።

ልጄ ሰሚራ ደብዳቤውን ተቀብላኝ አነበበችና «ማማ፣ ዳስ ሀይስት ኑር፣ ኤስ ኢስት አንገኮመን» አለችኝ። ደርሶናል ማለት ብቻ ነው፣ እሺ ብለናል አላሉም ማለቷ ነው። በቁሜ ደረቅሁ። ቃሉን እኮ አውቀዋለሁ። መጋዘን ውስጥ በስካነር ጥቅል በነካሁ ቁጥር መስታወቱ ላይ የሚወጣው ቃል እሱ ነው። አይንገጋንገን የተባለ ጥቅል ጥግ ተጥሎ ሁለት ሳምንት አቧራ ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ሲመጣ ግን እንደምፈልገው አነበብኩት።

አከራያችን ደግሞ ከዚህ ወር መጨረሻ በኋላ ክፍሏ የብስክሌት ማስቀመጫ ትሆናለች ብሏል። ዛሬ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ዝርዝሩን ያጸድቃል፤ ነዋሪም ሁለት ደቂቃ መናገር ይፈቀድለታል። ለእማማ «እኔ ብቻዬን ልሂድ፣ እርስዎ ይረፉ» ብላቸው፣ «ያለ እኔ ስትጽፊ አየን እኮ» አሉኝና ጫማቸውን አጠለቁ።

ስምንት ሰዓት፣ ኖርድቬስትሽታት

ሄደርንሃይም ላይ ባቡር ቀይረን መጀመሪያ ወደ ኖርድቬስትሽታት ሄድን። እዚያ የገበያ ማዕከሉ አጠገብ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ስለዚህ ገንዘብ ምክር ይሰጣል። በሩ ላይ «ምክር በነፃ» ተለጥፏል። የተቀመጠችው ወጣት «ቴርሚን አላችሁ?» አለች፤ ቀጠሮ ማለቷ ነው። የለንም። እማማን አየቻቸውና ወንበር ሳበችላቸው፤ ክፉ ልጅ አይደለችም።

ፋይላችንን ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። «የወጪ ግምቱ የለም» አለች።

«የምን የወጪ ግምት?»

«የአየር ማስወጫውን የሚገጥመው ባለሙያ የሚጽፈው። በአራት ሳምንት ውስጥ ላኩ ብለናችኋል። ደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ላይ አለ።»

ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ ገለበጥኩት። አለ። ስንት ወር ሙሉ ያንን ወረቀት እንደ ሰርግ ፎቶ ለሰው እያሳየሁ ስዞር ጀርባውን አላየሁም።

«ካልተሟላ አይታይም?» አልኳት።

«ያልተሟላ ለውድድር አይቀርብም።»

«አንድ ስልክ፣ አንድ ማስታወሻ አይላክም ነበር?»

«ብዙ ማመልከቻ ነበር» አለች፤ አንገቷን ደፋች።

ደሜ ፈላ። በእሷ ነው፣ በራሴ ነው፣ አላውቅም። እማማ «ምን አለች?» ሲሉኝ ወላሂ ልዋሽ ነበር። ቃልን እንደምፈልገው መተርጎም ምን እንዳመጣ ትዝ አለኝና ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ያልገለበጥኩትን ገጽ ጨምሬ። እሳቸው ግን «የተሟላው ምን ይመስላል? በያት» አሉኝ። ልጅቷ ኖርድኤንድ የሚባል ሰፈር ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ እንዳለ ነግራን መንገዱን በወረቀት ጻፈችልን።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ኖርድኤንድ

ኖርድኤንድ መንገዱ ጠባብ፣ ዛፉ ብዙ፣ ካፌው በካፌ ላይ ነው። የተባለውን ቦታ አገኘነው። መኪና ይቆምባቸው የነበሩ ሦስት ቦታዎች ላይ የእንጨት ወለል ተነጥፏል፤ አግዳሚ ወንበርና የአበባ ሳጥን አለው። በኮሮና ማገገሚያ ገንዘብ የተሠራ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳም ተተክሎለታል። እማማ ተቀመጡና አግዳሚውን በእጃቸው ዳሰሱ። «ጥሩ እንጨት ነው» አሉ።

ሙቀቱ አይጣል ነበር። ከአጠገቡ ካለው ቤት አይስክሬም ገዛሁ፤ አንዷ ኳስ ሁለት ዩሮ ከሃምሳ። ቦናመስ ውስጥ በዚህ ዋጋ ሁለት ይሰጡ ነበር። ሕፃን በጋሪ የሚገፋ ጀርመናዊ መጥቶ ከጎናችን ተቀመጠ፤ ሰሌዳውን ሳነብ አየኝና «ያመለከትነው እኛ ነን፣ የዚህ መንገድ ሰዎች» አለኝ ደስ ብሎት።

«የወጪ ግምቱን ማን ሠራላችሁ?»

«አንዱ ጎረቤታችን አርክቴክት ነው። አንድ ከሰዓት ተቀምጦ ጨረሰው።»

«ለምን ፈለጋችሁት?»

«ከኮሮና በኋላ ሰው እንዲገናኝ ብለን።»

እማማ ቀና አሉ። «በዚያ ጊዜ ከዚህ መንገድ ሰው ሞቶባቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉ። ጠየቅኩት። ጥቂት አሰበና እኔ የማውቀው የለም አለ። ከእኛ ፎቅ አራት ሰው እንደሞተና ያንዱም ለቅሶ እንዳልተቀመጠ ነገርኩት፤ ለቅሶ መቀመጥ ምን እንደሆነም አስረዳሁት። ጋሪውን መግፋት ተወ። «ታዲያ ለእናንተ ነበር የሚገባው» አለ።

እንዴት እንዳናደደኝ። ክፉ ቢናገረኝ እሳደብ ነበር፤ ሰውየው ግን ደግ ነው፣ ልጁም ፈገግ ትላለች፣ አግዳሚውም ይመቻል። ማንን ልያዝ? አይስክሬሙን በክንዴ ላይ እየወረደ በንዴት ጨረስኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ምክር ቤቱ

ከዚያ እስከ አደባባዩ በእግር ሄድን። ቱሪስቱ የቆዩትን ቤቶች ፎቶ ሲያነሳ በመሀሉ እየተሹለከለክን ገባን። በር ላይ ቦርሳችን ተፈተሸ። ጠባቂው የእማማን ቁልፍ አይቶ «ይሄ የምንድን ነው?» ሲል፣ «የመጣሁበት ነው በይው» አሉኝ። እሱን አልተረጎምኩም።

ገንዘብ እንዴት እንደሚከፋፈል በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ነው። ክርክር ይኖራል፣ ሰው ይጮሃል ብዬ ነበር። ሰብሳቢው ቁጥር ይጠራል፣ እጅ ይወጣል፣ እጅ ይወርዳል። የገበያ መንገድ ማስዋቢያ፣ እጅ። የበጋ ሙዚቃ፣ እጅ። የአበባ ሳጥን፣ እጅ። አንዷ ተመራጭ እጇን ያወጣችው ስልኳን እያየች ነው። ነገሩ ሁሉ ያለቀው ቀደም ብሎ፣ ወረቀቱ የተሟላና ያልተሟላ ተብሎ ሲለይ ነው። ማን ምን ደረሰበት የሚል ቁጥር አልተጠራም።

ተራዬ ደረሰ። ጀርመንኛዬ የመጋዘን ጀርመንኛ ነው፤ አንሺ፣ አስቀምጪ፣ ቶሎ በይ። በእሱው ተናገርኩ። ስለ አቶ ተስፋይ፣ በር ላይ ትተነው ስለሸሸነው ምግብ፣ ስለ ክፍሏ ነገርኳቸው። ኮሮና ከእኛ ፎቅ ሰው እንደወሰደና የማገገሚያው ገንዘብ ግን የእኛን ፎቅ እንዳላወቀው ነገርኳቸው። ሁለት ደቂቃው አልቆ ቀይ መብራት በራ። ስልኳን ታይ የነበረችው ሴት ስልኳን አስቀምጣ ነበር።

ሰብሳቢው ወደ ጎን ዞሮ አንዱን ሠራተኛ ጠየቀ። ሠራተኛው ወረቀት አገላበጠና «አይንገጋንገን» አለ፤ «ደርሶናል፣ ግን ያልተሟላ ነው።»

ያቺን ቃል ስሰማ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። እማማ ግን ቁልፋቸውን በእጃቸው ጨብጠው ተነሱ። ሰብሳቢውን ቀጥ ብለው አይተው «ያ ኦደር ናይን?» አሉት። አዎ ወይስ አይደለም።

ሰውየው ስለሚቀጥለው በጀት፣ ስለ ሌሎች ዕድሎች ረጅም ነገር ጀመረ። ጨርሶ እስኪቀመጥ ጠበቁትና «ያ ኦደር ናይን?» አሉ ደግመው። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «ናይን» አለ።

«ዳንከ» አሉ እማማ። ከተቀመጡ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ይቺኛዋን ቃል አንቺም አታበላሺያትም» አሉኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ማታ ሁለት ሰዓት፣ ቦናመስ

ስንመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሽማግሌዎቹ ከፎቃችን በር ፊት ቆመው ይጠብቁናል። ያን ቀን በሩጫ የወረድኩበትን ደረጃ እያየሁ ትክክለኛውን ቃል ነገርኳቸው። «ወረቀታችን ደርሷቸዋል። እኛን ግን አልተቀበሉንም። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው፣ ገጽ አልገለበጥኩም።» ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልጻፍ፦ ገንዘቡ የሚሄደው የተጎዳ ሰው ወዳለበት ሳይሆን አርክቴክት ጎረቤት ወዳለበት ነው። ከአሁን በኋላ የመጣልኝን ወረቀት ሁሉ ጀርባውን አያለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

እማማ ወደ ፎቅ አልወጡም። «ጓለይ፣ የኬለሩን ቁልፍ ስጪኝ» አሉ። «ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኳቸው። «ወንበሮቹን ልንቀመጥባቸው ነዋ የገዛናቸው።»

አሥራ ሁለቱንም አወጣናቸው። ከተዘጋችው ክፍል መስኮት ሥር፣ ሣሩ ላይ ደረደርናቸው። እማማ መሀል ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ሁሉም ገባው። አንዱ ሽማግሌ አቶ ተስፋይ የሊፍቱ በር እስኪዘጋ ሳቃቸው ይሰማ እንደነበር አነሳ፤ ሌላው ቀጠለበት። እማማ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ስንት ዓመት የቆየ ለቅሶ ነው። እኔም አለቀስኩ፤ በር ላይ ትቼው ለሸሸሁት ምግብ አለቀስኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የፎቁ ሀውስማይስተር መጣ፣ ጥበቃውም ጥገናውም በእሱ እጅ ያለው ሰው። ወንበሮቹን ቆጠረ። ሣር ላይ መሰብሰብ እንደማይፈቀድ ተናገረና «ፈቃድ ጠይቃችኋል?» አለ።

ልነሳ ስል እማማ ጉልበቴን ያዙኝ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ ከእኔ ቀድመው፣ ጥርት ባለ ጀርመንኛ መለሱለት።

«አንትራግ ኢስት አይንገጋንገን።»

ሀውስማይስተሩ «አሃ» አለ። ደብተሩ ላይ ጻፈውና ሄደ።