ጸበል የጠጣ ጣሪያ

ዓይናዲስ ላስቲኩን ከማንሳቷ በፊት አማተበች። ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ ፀሐይዋ ከጋራዡ የቆርቆሮ አጥር በላይ ብቅ ማለቷ ነው። ከፊቷ የአንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና ጣሪያ በሁለት በርሜሎች ላይ ተጋድሟል። ቀለሙ ተፍቆ አልቋል፤ ከቀለሙ ሥር የነበረው ለስላሳ ልባስም ተፍቆ፣ የፋይበር ግላሱ ቃጫ እርቃኑን ቀርቷል። መኻሉ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ተለጥፎ አድሯል። ከላስቲኩ ሥር አንዲት ጠብታ ብትገኝ ጣሪያው ገና ውኃ አዝሏል ማለት ነው። ደረቅ ከሆነ ግን ጊዜው ደርሷል።

ፕላስተሩን በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠችው። ላስቲኩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው፤ ገልብጣም አየችው። አላመነችም፤ ጉንጯ ላይ ለጠፍ አደረገችው። ደረቅ ነው።

«ምን አለሽ?» አለ የጋራዡ ባለቤት ምስጋኑ። ከአንድ ሚኒባስ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

«ደርቋል።»

«በአሥራ ሁለት ቀን እኮ ቋንጣም ይደርቃል!»

«ቋንጣ ቢያብጥ ማንም አይስቅብኝም።»

ምስጋኑ ከሥር ሆኖ ሳቀ። ነገሩ ስለሚገባው ነው የሳቀው።

መኪናዋ የሰውአገኝ ናት። ሰውአገኝ በላሊበላ የሠርግ መኪና በማከራየት የሚታወቅ ሰው ነው። ይህችን ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ቀይ መኪና ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና አስጭኖ ሲያመጣት ከተማው ወጥቶ ነበር ያያት። ጣሪያዋ በአራት ብሎን ተፈትቶ የሚነሳ ነው። መኪናዋ ስታረጅ ግን የላስታ የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ ተፈራርቀውበት ጣሪያው ቡግንጅ አወጣ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ዓይናዲስ ጠገነችው። ያበጠ ያበጠውን ፍቃ፣ በስቱኮ ሞልታ፣ ከላይ ሬዚን የሚሉትን፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ለብጣ አስቀባችው። መስተዋት መስሎ ነበር። ያላወቀችው ነገር፣ በዚያ ሁሉ ጉምና ካፊያ መኻል ውኃው በቃጫው ውስጥ ተኝቶ እንደነበረ ነው። ጥቅምት ሲገባ ፀሐዩ ውስጡን አሞቀው፤ ውኃውም መውጫ ቢያጣ ልባሱን ገፋው። ጣሪያው ከበፊቱ በከፋ አበጠ።

«አብሲት ጥላበት ነው» አለ የከተማው ሰው። ወፍጮ ቤት ተባለ፤ መናኸሪያ ተባለ። እሷም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ እያደረገች ታልፍ ነበር። የተሰነጠቀ የውኃ ታንከር ሊያሠሯት ቀጠሮ የያዙ ሁለት ሰዎች ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

ዓይናዲስ ከዚህ ሥራ ሌላ የምታውቀው የላትም። ብልባላ ተወልዳ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። ከዚያ በአክስቷ በኩል ኮምቦልቻ ወርዳ አንድ የፋይበር ግላስ ወርክሾፕ ገባች። በመጀመሪያ ያስገቧት ቃጫውን በመቀስ እንድትቆርጥ ብቻ ነበር። ሴት ሬዚን አትበጠብጥም ይባል ነበርና፣ እየቆረጠች ዓይኗን ከወንዶቹ እጅ ሳትነቅል አራት ዓመት ቆየች። አንድ ቀን በጥባጩ ታሞ ሲቀር ገብታ በጠበጠች፤ ከዚያ ወዲያ አሥር ዓመት ሙሉ በጥባጭ ሆነች። እናቷ በታመሙ ጊዜ ወደ አገሯ ተመለሰች። እናቷም ዐረፉ፤ እሷም የምስጋኑን ጋራዥ አንድ ጥግ ይዛ ቀረች። አሁን አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። የቃጫው ብናኝ ገላዋን እንዳይበላት የእጅጌዋን ጫፍ በላስቲክ ታስራለች፤ ማታ ስትገባም በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ነው የምትታጠበው። ሙቅ ውኃ ቆዳን ከፍቶ ብናኙን ያስገባዋል።

ጣሪያው ያበጠ ጊዜ ሰውአገኝ አልጮኸባትም። «ያበላሸሽው አንቺ፣ የምታስተካክዪውም አንቺ» አለ። ቀጥሎም እንዲህ አለ፦ «ሁለተኛ ካበጠ ግን፣ ዓይናዲስ፣ በዚህ አገር ሳህን እንኳ የሚያስጠግንሽ አታገኚም።» ይህም ሳይበቃ፣ በመጪው እሑድ የምትዳረው የገዛ ልጁ ባንቺዓለም ናት። ሙሽራው መኪናዋን ራሱ ሊነዳ ነው።

ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ ዓይናዲስ አልቸኮለችም። ቡግንጁን አንድ በአንድ ከፈተች፤ ልባሱን እስከ ቃጫው ገፈፈችው። ለአሥራ ሁለት ቀን ጠዋት ፀሐይ ላይ እያወጣች፣ ጤዛ ሳይወርድ በሸራ እየሸፈነች አደረቀችው። ዛሬ ቀትር ላይ፣ ብርዱ ሲሰበር፣ ትለብጠዋለች፤ ቅዳሜ ቀለም ይቀባል።

ሬዚኑ ቤቷ ነው ያለው። ብርዱ እንዳያወፍረው በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላ ከአልጋዋ ሥር ነው የምታኖረው። ልታመጣው ወጣች። እሷ ከወጣች በኋላ ምስጋኑም ሚኒባሱን ሊሞክር ወደ አስፋልቱ ነዳ።

አራት ሰዓት ገደማ ስትመለስ፣ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ የጋራዡ ጎማ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እማሆይ የሰውአገኝ እናት ናቸው። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ አንዲት ቢጫ ጀሪካን እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል። የጀሪካኗ ክዳን ተከፍቷል።

«መጣሽ ልጄ? አረፍ ብዬ እየጠበቅሁሽ ነው።»

ዓይናዲስ የያዘችውን ሬዚን መሬት አስቀመጠች። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ነጣ ብሎ የተወችው ቃጫ ጠቁሯል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ውኃው እያብለጨለጨ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

«እማሆይ... ምን አደረጉ?»

«ከጥምቀቱ የቀዳሁት ጸበል ነዋ! ለባንቺዓለም ብዬ ያኖርሁት። ከሥሩ የምትቀመጠው እሷ አይደለችም? ትንሽ ረጨት ላድርግበት ብዬ ነበር፤ ጠጣው እኮ ልጄ! ባፈሰስሁ ቁጥር ጠጣው። ምንኛ ጠምቶት ኖሯል! ሁሉንም ሰጠሁት።»

የእማሆይ ፊት በደስታ አብርቶ ነበር። የዓይናዲስ እጅ ወገቧ ላይ ወደተሸጎጠው ጨርቅ ሄደ፤ መንገድ ላይም ቆመ። ጨርቁ በግራሶና በቀለም ማቅጠኛ የወረዛ ነው። እሱ ባይሆን እንኳ፣ ጸበል አይጠረግም። ልጅ ሆና ሲረጯት ፊቷን በቀሚሷ ጠርጋ እናቷ እጇን እንደመቷት ትዝ አላት፦ «ተዪው፤ በራሱ ይድረቅ!»

እማሆይ እጇን አይተውታል። «ምነው? አጠፋሁ እንዴ?»

ለመመለስ አፏን ስትከፍት ሚኒባሱ ገባ። ምስጋኑ ከነዳጅ ማደያው ሰውአገኝን ጭኖት መጥቷል። ሰውአገኝ የሠርግ ጥድፊያ ላይ ነው፤ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወረደና ጣሪያውን ሲያይ ስልኩን ዘጋው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔ ነኝ ልጄ፤ ጸበል ነው» አሉ እማሆይ።

ምስጋኑ ራሱን አከከ። «በእሳት ብናነሳውስ? የጋዙን ችቦ ላምጣው።»

«አሮጌውን ሬዚን ያነድደዋል» አለች ዓይናዲስ።

ሰውአገኝ ሰዓቱን አየ። «ታዲያ ምን ችግር አለ? ዛሬ ካልተለበጠ ቅዳሜ አይቀባም። ከላዩ ልበጪውና ይለቅ።»

«ውስጡ ረጥቧል።»

«ረጥቧል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ሲል ይበልጥ አስፈራ። «ያ የክረምት ውኃ ነበር። ይሄ ጸበል ነው። ጸበል የነካው ነገር ያብጣል ልትዪኝ ነው? እናቴ ፊት?»

እማሆይ መቋሚያቸውን ጨብጠው ቀና ብለው ያዩዋታል። ምስጋኑ ደግሞ መሬት መሬቱን ያያል።

ዓይናዲስ አሰበች። ብትለብጠው እሑድ እንደ መስተዋት ያበራል። ፋሲካንም ያልፋል። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲመታው ግን ያብጣል። ያን ጊዜም ማንም እሷን መውቀስ አይችልም፤ እማሆይ ናቸው ያፈሰሱበት፣ ሰውአገኝ ነው ልበጪ ያላት፣ ምስጋኑ ምስክሯ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጣት ይህ ሐሳብ ነው፤ ለልቧ ተመቸ። ሰው ደግሞ አፉን አይሰበስብም። እሷን ካላማ ጸበሉን ሊያማ ነው።

ወደ እማሆይ ጠጋ ብላ በርከክ አለች።

«እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ። በጸበሉ አምናለሁ። ይሄ ጣሪያ ግን እንደ ሰው አይደለም፤ የጠጣውን ቶሎ አያልበውም። አሁን ከላዩ ብለብጠው ጸበሉን አፍኜ መቅበሬ ነው። ከርሞ ከርሞ ሲወጣም እኔን አሰድቦ፣ ራሱም ተሰድቦ ነው የሚወጣው።»

«ወሬ ነው!» አለ ሰውአገኝ።

«ወሬ ከሆነ ዓይናችሁ ይፍረድ።»

ተነሳች። ከጠዋቱ የሰፋ ላስቲክ ቆርጣ ጣሪያው ላይ ዘረጋች፤ ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፈችና ሁለቱን በርሜሎች ወደ ፀሐዩ አስገፋች። አራቱም ጠበቁ። የሰውአገኝ ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አላነሳውም። ምስጋኑ ሲጋራ ሊለኩስ ብሎ እማሆይን አይቶ መልሶ ኪሱ ከተተው። ዓይናዲስ እጆቿን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ላስቲኩን ብቻ ታያለች። ምንም የለም። ጥርት ያለ ነው። ቢቀርስ? ፀሐዩ ባያወጣው? ሰውአገኝ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ።

«ቆይ» አሉ እማሆይ።

ላስቲኩ በአንድ በኩል እንደ ትንፋሽ ደብዘዝ አለ። ድብዛዜው ሰፋ። ቀጥሎ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ ነጥቦች ብቅ ብቅ አሉ፤ ነጥቦቹም እየተገናኙ ጠብታ ሆኑ። አንዱ ጠብታ ተንሸራቶ ሌላውን ዋጠና እስከ ፕላስተሩ ወረደ።

እማሆይ ተነስተው አጎነበሱ። «አልቦታል!» አሉ በሹክሹክታ። ወዲያው ደነገጡ። «መሬት እንዳይፈስ! ጀሪካኗን፣ ጀሪካኗን!»

ዓይናዲስ ፕላስተሩን በአንድ በኩል ላጥ አድርጋ ላስቲኩን እንደ አሸንዳ አጠፈችው፤ ጠብታው እየተንከባለለ ጀሪካኗ አፍ ውስጥ ገባ። አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

«በዚህ ዓይነት እስከ እሑድ?» አለ ሰውአገኝ።

«እስከ እሑድ አይሆንም። እስከሚቀጥለው እሑድም እንጃ።»

«ልጄን ጣሪያ በሌለው መኪና ልዳራት?»

«አዎ» አለች።

ምስጋኑ ነው የደረሰላት። «ጥር እኮ ነው ጋሼ፣ ዝናብ የለ! ጣሪያ ቢኖር ሙሽራዋን ማን ያያት ነበር? አሁን ሚዜዎቹ እንኳ ይቀኑባታል።»

ሰውአገኝ አልሳቀም። እናቱን አየ። እናቱን ሊቆጣ አይችል፤ ቁጣው ዞሮ ዓይናዲስ ላይ ዐረፈ። «በሠርጉ ማግስት እንነጋገራለን» አለና ወጣ።

እሑድ ዓይናዲስ መንገድ አልወጣችም። ጋራዡ ውስጥ ላስቲክ እየቀየረች ጥሩንባውንና እልልታውን ከሩቅ ሰማች። በኋላ የነገሯት፣ ባንቺዓለም አቧራ የጠጣ ቬሏን በሁለት እጇ ይዛ እየሳቀች ማለፏን ነው። «ዓይናዲስ ደግሞ ጣሪያውን ጭራሽ በላችው» ያሉም ነበሩ። ይህንም ነገሯት። ሰውአገኝ ግን በማግስቱም፣ በሰልስቱም ሊነጋገር አልመጣም።

የመጡት እማሆይ ናቸው። በየቀኑ ቀትር ላይ ጀሪካኗን ይዘው ይመጣሉ፤ ጎማው ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልያሉ፤ የተጠራቀመውን ጠብታ ይቀበሉና ይሄዳሉ። «የሰጠሁትን መለሰልኝ» ይላሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠብታ ጠፋ፤ ባዶ ጀሪካን ይዘው ተመለሱ።

ዓይናዲስ ግን ሁለት ቀን ጨመረች። በሦስተኛው፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ሬዚኑን በጠበጠች። ማጠንከሪያውን በሕክምና መርፌ መጠነችው፤ ብርዱ አታሏት እንዳታበዛው ከንፈሯን ነክሳ። ቃጫውን አነጠፈች፤ አየሩን በሮለር ከመኻል ወደ ዳር ገፋች፤ አንዲት የአየር አረፋ ባየች ቁጥር ተመልሳ ገፋች። ስትጨርስ ቀና ማለት አቅቷት ምስጋኑ ክንዷን ይዞ አነሳት።

ክረምቱ መጣ። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከተማውን ሲሸፍነው እንቅልፍ አልነበራትም። ጥቅምት ገባ፤ ፀሐዩም መታ። መኪናዋ ሙሽሮች ጭና ባለፈች ቁጥር ዓይናዲስ ሰላምታ የምትሰጥ መስላ ጣሪያውን ታያለች። ልሙጥ እንደሆነ ነው። ሰውአገኝም ከመሪው ኋላ ሆኖ ራሱን ነቅነቅ ያደርግላታል እንጂ መኪናዋን አያቆምም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ ከወገል ጤና የመጣ ሹፌር፣ የተሰነጠቀ የአይሱዙ ኮፈን በሁለት ሰው አሸክሞ ጋራዡ ገባ። ከፋለ ይባላል።

«ዓይናዲስ ማለት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ሰውአገኝ የሚባል ሰው ነው የላከኝ። እንደሷ ዓይነት ግትር አላየሁም፣ ንጉሥ ቢመጣ አትቸኩልም አለኝ።» ኮፈኑን መሬት አስቀመጠ። «መቼ ልምጣ?»

ዓይናዲስ ተንበርክካ ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። እርጥብ ነው።

«ሲደርቅ እደውልልሃለሁ» አለችው።