ሳላውቅ የተረከብሁት ጽዋ

ይህ የሆነው አምና፣ መስቀል ካለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ነው። አሁንም ትዝ ሲለኝ አንዴ ብቻዬን ያስቀኛል፣ አንዴ ደግሞ ላብ ላብ ይለኛል። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ጨምረህበታል ይሉኛል፤ እንኳን ልጨምርበት፣ የቀነስሁት አለ።

ተወልጄ ያደግሁት ጅቡቲ ነው። እናቴ የጎጃም ሰው ስለሆነች አማርኛውን ከእሷ አፍ ነው የወሰድሁት። ባሕር ዳር የመጣሁት መምህርነት ልማር ሲሆን፣ ያኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ እያስተማርሁ ልምምድ ላይ ነበርሁ።

ቅዳሜና እሑድ ግን የሚይዘኝ የለም። እህል የጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ መሸንቲ ገበያ ወርጃለሁ። ወንዛዬ ፍልውሃ የሴቶች ተራ መሆኑን ሳልጠይቅ ሰተት ብዬ ልገባ ስል በጩኸት መልሰውኛል። ቁንዝላ በጀልባ ሄጄ መመለሻ አጥቼ ዓሣ አጥማጆች ቤት አድሬያለሁ። ሰው ካፈረ የትም አይደርስም ባይ ነኝ።

አከራዬ እማማ ውድነሽ ይባላሉ። ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሐይቁ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ሰንበቴ አላቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለተራው ዳቦና ጠላ ያመጣል፣ መምሬ ይባርካሉ፣ ከዚያ ተቀማምሶ ለነዳያን ይተርፋል። እኔም ሥራ ከሌለኝ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ከመጨረሻው አግዳሚ እቀመጣለሁ፣ ቁራሽ በእጄ ይደርሰኛል፣ በልቼ መርቄ እወጣለሁ።

ያን እሑድ ሰንበቴው ሊበተን ሲል መምሬ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ይዘው ቆሙ። የሰንበቴው አለቃ፣ ሙሴ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ የሚቀጥለው ባለተራ ሐዘን ደርሶበት አገር ቤት መሄዱን ተናገሩና «እንግዲህ ማን ይነሣ?» አሉ። የተነሣ የለም። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ያሉት በሙሉ ለመነሣት ምርኩዝ የሚፈልጉ አዛውንቶች ናቸው። ጽዋውን ዕቃ ቤት የሚያደርስ ጎረምሳ የጠፋ መሰለኝና ብድግ ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

እልልታው ቀለጠ። ዕቃ ለሚያነሣ ሰው እልል የሚል፣ እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው አልሁ በልቤ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ሙሴው ግን ወዲያው አልለቀቁኝም። ልጁ እንግዳ ስለሆነ ዋስ ያስፈልገዋል አሉ። እማማ ውድነሽ ትንሽ አመነቱ፣ እኔን አዩኝ፣ እኔም ምን እንደሆነ ሳላውቅ ፈገግ አልሁላቸው። «እኔ አለሁ» አሉ።

ከዚያ እየዘመሩ ያጅቡኝ ጀመር። ዕቃ ቤቱን አለፍነው። የቅጥሩን በር አለፍነው። አስፋልቱን ስንሻገር ባጃጆቹ ሳይቀሩ ቆመው አሳለፉን። እኔ ከፊት ጽዋ ተሸክሜ፣ አሁን ይነግሩኛል አሁን ይነግሩኛል ስል ከገዛ ቤቴ ደረስሁ። ጽዋውን ደብተር የማርምበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና «ያድርስህ» እያሉ መርቀው ወጡ።

እማማ ውድነሽ ከእኔ ጋር ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ለእሑድ ምን እንዳሰብሁ ጠየቁኝ። ምኑን አልኋቸው። ነገሩን ሲያስረዱኝ አልጋዬ ላይ ዘፍ አልሁ። ለካ ጽዋ የተቀበለ ሰው የሚቀጥለው እሑድ ደጋሽ ነው። በዚያ ሰንበቴ ጽዋ ተቀብሎ ያጎደለ ሰው ታይቶ አይታወቅም። እኔ ካጎደልሁ የሚዋረዱት ዋስ የሆኑት እሳቸው ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ከእነዚያ ሰዎች ሌላ ዘመድ የላቸውም።

እማማ፣ ሳያውቅ ነው ብዬ ጽዋውን ልመልሰው፣ ይረዱኛል አሉኝ። እምቢ አልሁ። ከተነሣሁማ አልቀመጥም።

ለመስቀል ብለው የጠነሰሱት ድፍድፍ ስለተረፋቸው ጠላውን እሳቸው ያዙ። ዳቦውን ግን ማንም እንዳይነካብኝ አልሁ። ጅቡቲ አጎቴ ዳቦ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት፤ አንድ እጄ ሊጥ እያሸ፣ አንድ እጄ መጽሐፍ እየገለጠ ነው ሒሳብ ያወቅሁት። እማማ ውድነሽ ሳምንቱን ሙሉ በእርግጥ ታውቅበታለህ ወይ እያሉ ጠየቁኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ እሱን ለኔ ይተዉት እያልሁ መለስሁላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈራችን ዳቦ ቤት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ባለቤቱ ምድጃውን ለቀቁልኝ። የወረታ ሰው ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው። ለሰንበቴ መሆኑን ስነግራቸው ልጃቸው ዱቄቱን እንዲነፋልኝ አዘዙ። አቦካሁ፣ ኩፍ እስኪል ጠበቅሁ፣ ጋገርሁ። እንዴት እንዳማረ! ሸልሎ ፎክሮ የሚወጣ ዳቦ ነበር። እሑድ ጧት እማማ ጠላውን ይዘው ቀደሙኝ፤ እኔ ዳቦውን ቅርጫት ውስጥ በጨርቅ ሸፍኜ ከዳቦ ቤቱ በባጃጅ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰድሁት።

ቅዳሴ አለቀ። ሰዉ ተሰበሰበ። መምሬ መስቀላቸውን በአንድ እጅ፣ ቢላዋ በሌላው ይዘው ቀረቡ። እማማ ውድነሽ ደስ እያላቸው የቅርጫቱን ጨርቅ ገለጡና ደርቀው ቀሩ።

ክንድ ክንድ የሚያህሉ ረዣዥም ዳቦዎች ተደርድረዋል። ጅቡቲ ጧት ጧት ሰው በብብቱ ይዞት የሚሄደው የፈረንሳይ ዳቦ ነው።

ለካ የሰንበቴ ዳቦ አንድ ትልቅ ድፎ ነው። መምሬ ባርከው ይቆርሱታል፣ ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ይቀምሳል። እኔ ከኋላ ሆኜ ቁራሹን እንጂ ሙሉውን አይቼው አላውቅም። እማማ ውድነሽ ደግሞ ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም።

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከኋላ ማጉረምረም ተሰማ። ሙሴው እኔን አላዩኝም፤ ያዩት እማማ ውድነሽን ነው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ። ለራሴ ብዬ ብዙም አፍሬ አላውቅም፣ ለእሳቸው ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ዝም ብል ነገሩ እሳቸው ላይ ሊቀር ነው። ወደ ፊት ወጣሁ።

«መምሬ፣ አንድ ሊጥ ነው» አልሁ። «በአንድ ዕቃ አቡክቼ፣ በአንድ እሳት የጋገርሁት። በጥሬው የቆራረስሁት እኔ ነኝ፤ እማማ አላዩትም። እርስዎ በብስሉ ይባርኩልኝ።»

መምሬ አንዱን አነሡ። አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ዳቦዎቹን ጎን ለጎን፣ እንዲነካኩ አድርጌ እንድደረድር አዘዙኝ። ደረደርሁ። መስቀላቸውን ከዳር እስከ ዳር አሳለፉበት።

«አንድ ሊጥ ከሆነ አንድ ነው» አሉና ቆረሱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብታዩ! ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ቅርፊቱን ጠላ ውስጥ እየነከሩ በሉ። ነዳያኑ ይህ ዳቦ ለመያዝም ይመቻል እያሉ ብብታቸው ሥር ወሸቁት። ሙሴው ቀስ ብለው አንዱን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡ፤ ለባለቤታቸው ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ ውድነሽ ከፊት ከፊቴ ፈጥነው ሄዱ። ተቀይመውኛል ብዬ ከኋላ ከኋላቸው ተከተልሁ። የሐይቁን ዳር ጨርሰን ወደ ሰፈር ስንታጠፍ ቆም ብለው «ሁለተኛ ዋስ አልሆንህም» አሉ። ክው አልሁ። «ጽዋህን አድርሰህ አባል ከሆንህ ምን ዋስ ያሻሃል?» ብለው ክንዴን ያዙኝ። ያኔ አለቀስሁ፤ አልደብቅም።

ዘንድሮ ትምህርቴን እጨርሳለሁ። እናቴ መቼ ትመጣለህ እያለች ትደውላለች፤ የሰንበቴ ተራዬ ሳይደርስ አልመጣም ብያታለሁ። ስቃ ስቃ፣ እሺ አለችኝ። አሁን ሰንበቴ ስሄድ ከኋላ አልቀመጥም፣ ሰዉም በስሜ ይጠራኛል፤ ደስታዬ ልክ የለውም። በቀደም ታዲያ ለእማማ ውድነሽ፣ የዘንድሮውን እንደ አገሩ ክብ ድፎ አድርጌ እደፋዋለሁ ብላቸው ተቆጡኝ።

«ምን ነካህ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሰዉ ረጅሙን እየጠበቀ!»